«ከመጠነኛ ድርድር ጋር»፦ የአዲስ ቅንጡ መኪና ፍትሐዊ ዋጋ የሚታወቀው እንዴት ነው?

በአዲስ አበባ የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያዎች ውስጥ፣ ከመኪናው ስም፣ ከተመረተበት ዓመትና ከቀለሙ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የማይጠፋ አንድ ሐረግ አለ፦ «ከመጠነኛ ድርድር ጋር»።

ሐረጉ ለገዢው የቀረበ ግብዣ ይመስላል። የተጠራው ዋጋ የመጨረሻው እንዳልሆነ፣ ሻጩም ጥቂት ዝቅ ለማለት ፈቃደኛ እንደሆነ ይናገራል። ድርድሩ ከየት ተነስቶ የት ሊደርስ እንደሚችል ግን አይናገርም። «መጠነኛ» የተባለው ቅናሽ 50 ሺህ ብር ነው ወይስ 500 ሺህ? ሻጩ መልሱን ያውቀዋል። ገዢው አያውቀውም።

ሽንኩርት ለሚገዛ ሰው ይህ ብዙ አያሳስብም። የሽንኩርትን ዋጋ ገዢም ሻጭም በየሳምንቱ ያዩታል፤ ዋጋው ያልጣመው ሸማች ሁለት እርምጃ ተራምዶ ሌላ ነጋዴ ይጠይቃል። በሚሊዮኖች ብር የሚቆጠር አዲስ መኪና ግን ብዙ ሰው በዕድሜው አንዴ ወይም ሁለቴ የሚገዛው ዕቃ ነው። ሻጩ በአንጻሩ በየቀኑ ይደራደራል። ጠረጴዛው ላይ የሚገናኙት ሁለት ሰዎች እኩል የሚናገሩ ቢመስሉም እኩል አያውቁም።

ጉዳዩ የባለጸጎች ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ ቅንጡ መኪና የሚገዛበት ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ፣ አንዳንድ ጊዜም በውጭ የሚኖሩ ዘመዶች የላኩት ጥሪት ነው። መኪናው የሚመጣው አገሪቱ አጥብቃ በምትፈልገው የውጭ ምንዛሬ ነው። በውዱ መኪና ላይ የሚታየው የዋጋ ጨለማም ለሥራ ተብሎ በብድር የሚገዛውን ትንሽ መኪና ጭምር ይጋርዳል።

ታዲያ ፍትሐዊ ዋጋ የሚባለው የትኛው ነው? ሊገኝ የሚችለውስ በተደራዳሪው ብልሃት ነው ወይስ በሌላ ነገር?

አንድ ቁጥር፣ አራት ክፍሎች

የመኪና ዋጋ ሲጠራ አንድ ቁጥር ነው። ሲተነተን ግን ቢያንስ አራት ክፍሎች ይወጡታል።

የመጀመሪያው መኪናው ከውጭ የተገዛበት ዋጋ፣ ከመድንና ከማጓጓዣ ወጪው ጋር ነው። ሁለተኛው ወደ አገር ሲገባ የሚከፈለው ቀረጥና ታክስ ነው። ሦስተኛው ግዢው የተፈጸመበት የዶላር ምንዛሬ ነው። አራተኛው አስመጪው፣ መደብሩና ደላላው የሚካፈሉት ትርፍ ነው።

ድርድር ሊነካ የሚችለው በዋናነት አራተኛውን ክፍል ነው። ለጉምሩክ የተከፈለ ቀረጥ፣ ለመርከብ የተከፈለ ኪራይ በገዢው አንደበተ ርቱዕነት አይቀንስም። ስለዚህ «ስንት ትቀንስልኛለህ?» ከሚለው ጥያቄ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከዚህ ዋጋ ውስጥ ሊቀነስ የሚችለው ስንት ነው?

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ከአራቱ ክፍሎች ትልቁን ቦታ ይዞ የኖረው ታክሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአዲስ አውቶሞቢሎች ላይ እንደ ሞተራቸው መጠን የተለያየ ምጣኔ ጣለ። እስከ 1,300 ሲሲ ለሆኑት 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ለሆኑት 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ ለሆኑት ደግሞ 100 በመቶ ሆነ። ያገለገሉና ያረጁ መኪኖች ላይ የተጣለው ምጣኔ እስከ 500 በመቶ ደረሰ።

የቅንጡ መኪኖች ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 ሲሲ በላይ ነው። ታክሶቹም ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው የሚሰሉ ናቸው።

ለአብነት ያህል፣ መድንና ማጓጓዣን ጨምሮ 1 ሚሊዮን ብር የወጣበትን አዲስ ባለትልቅ ሞተር የነዳጅ መኪና ማየት ይቻላል። የጉምሩክ ቀረጡ በከፍተኛው የ35 በመቶ ምጣኔ ሲታሰብ ዋጋው 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር ይሆናል። መቶ በመቶ ኤክሳይስ ሲጨመርበት 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ይደርሳል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 3 ሚሊዮን 105 ሺህ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲከተል ደግሞ ከ3 ሚሊዮን 415 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። ነጋዴው አንዲት ሳንቲም ሳያተርፍ መኪናው ከመነሻው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል።

በዚያ ዘመን ሻጭ «ቀረጡ ነው» ሲል ገዢ የሚመልሰው አልነበረውም። ንግግሩ በአብዛኛው እውነት ነበርና። ችግሩ የመጣው የታክሱ ነገር ሲለወጥ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ

በአውሮፓውያኑ 2022 የኢትዮጵያ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይስ ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ እንዲሆኑ ወሰነ። የጉምሩክ ቀረጡም ዝቅ አለ። ሙሉ በሙሉ ተበትነው መጥተው በአገር ውስጥ የሚገጣጠሙት ከቀረጥ ነፃ፣ በከፊል ተገጣጥመው የሚመጡት በ5 በመቶ፣ ተገጣጥመው ያለቁት ደግሞ በ15 በመቶ ቀረጥ እንዲገቡ ተደረገ።

ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ወደ አገር ማስገባት የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። በአገሪቱ መንገዶች ላይ ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ከ100 ሺህ ማለፉን ባለሥልጣናት ተናግረዋል።

የላይኛው ስሌት በዚህ ውሳኔ መሠረት ሲደገም ውጤቱ እጅግ የተለየ ነው። መነሻ ዋጋው ያው 1 ሚሊዮን ብር የሆነ፣ ተገጣጥሞ ያለቀ የኤሌክትሪክ መኪና በ15 በመቶ ቀረጥ 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር ላይ ይቆማል። በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሚሊዮን 260 ሺህ ብር በላይ ነው።

መንግሥት የተወው ይህ ገንዘብ ወደ ማን ኪስ ይገባል? በውሳኔው መንፈስ ቢሆን ወደ ገዢው ነው። ገበያ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይሠራም። ሻጭ ዋጋ የሚቆርጠው ባወጣው ወጪ ላይ ትርፍ ደምሮ ብቻ አይደለም፤ ገዢው ሌላ ምን አማራጭ እንዳለውም አይቶ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሚነጻጸረው በከፍተኛ ታክስ ከገባውና ከእገዳው በኋላ እየተወደደ ከሄደው የነዳጅ መኪና ጋር እስከሆነ ድረስ፣ ሻጩ ከዚያኛው ጥቂት ዝቅ ያለ ዋጋ ጠርቶ «ርካሽ ነው» ማለት ይችላል። የታክስ ቅናሹ ከፊሉ በገዢው፣ ከፊሉ በሻጩ እጅ ይቀራል። ለእያንዳንዳቸው ስንት እንደደረሰ የሚወስነው የመኪናውን የመግቢያ ወጪ የሚያውቀው ማን ነው የሚለው ነው።

ቀድሞ ታክሱ ትልቅ፣ ትርፉ በአንጻሩ ትንሽ በነበረበት ጊዜ አለማወቅ የሚያስከትለው ጉዳትም የተወሰነ ነበር። ታክሱ ሲያንስ ለድርድር ክፍት የሆነው ቦታ ሰፋ። የድርድሩ ልማድ ግን እንዳለ ቀረ። የታክስ ምጣኔዎችና የነፃነቱ ወሰን በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉም፣ ትናንት የሰማውን ይዞ የሚደራደር ገዢ ዛሬም ሊሳሳት ይችላል።

ዶላሩ ስንት ነው?

ሦስተኛው የዋጋ ክፍል፣ ምንዛሬው፣ ሌላ ውስብስብ ነገር ይጨምራል።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር አውቶሞቢሎችን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሬ እንዳይገቡ አግዶ ነበር። በዚያን ጊዜ በባንክና በትይዩው ገበያ መካከል ያለው የምንዛሬ ልዩነት እየሰፋ ሄዶ ቆይቶም ወደ እጥፍ ተጠጋ። መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ ዶላሩን ከየት፣ በስንት እንዳገኘ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ዶላሩን በውድ ነው የገዛሁት» የሚለው ቃል እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል፤ የሚረጋገጥበት መንገድ ግን አልነበረም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ በ38ቱ ዕቃዎች ላይ የነበረው ገደብም ተነሳ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህም ብር መዳከሙን ቀጥሏል።

ይህ ለመኪና ዋጋ ሁለት ትርጉም ነበረው። በአንድ በኩል ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በይፋዊው ምንዛሬ ስለሆነ ቀረጡ በብር ሲቆጠር አደገ። 30 ሺህ ዶላር የወጣበት የኤሌክትሪክ መኪና በ57 ብር ምንዛሬ 15 በመቶ ቀረጡ 256 ሺህ 500 ብር ነበር፤ ምንዛሬው በእጥፍ ሲያድግ ቀረጡም 513 ሺህ ብር ይሆናል።

በሌላ በኩል ግን ዶላሩን አስቀድሞ በትይዩው ገበያ ዋጋ ገዝቶ ለነበረ አስመጪ የመኪናው መነሻ ዋጋ በብር ያን ያህል አልተለወጠም። ቀድሞውንም የከፈለው ውዱን ዋጋ ነበርና። ስለዚህ «ዶላር በእጥፍ ስለጨመረ መኪናውም በእጥፍ ጨመረ» የሚለው ክርክር ለሁሉም መኪና እኩል የሚሠራ አልነበረም። ቀረጡ ተከፍሎለት መጋዘን ውስጥ ለቆመ መኪና ደግሞ ይብሱን አይሠራም።

ነጋዴው እዚህ ላይ የሚያነሳው መከራከሪያ አለው። የዛሬውን መኪና ሲሸጥ ነገ የሚተካበትን ማሰብ ይኖርበታል። በአሮጌ ዋጋ ሸጦ በአዲስ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ከዓመት በኋላ መደብሩን ይዘጋል። ክርክሩ ምክንያታዊ ነው። ምክንያታዊነቱ የሚቆመው ግን ተመሳሳዩ ነጋዴ የፋብሪካው ዋጋ ሲወርድ «እኔ የገዛሁት በድሮው ዋጋ ነው» ሲል ነው። የመተኪያ ዋጋ ወደ ላይ ሲሆን የሚጠራ፣ ወደ ታች ሲሆን የሚረሳ ከሆነ ፍትሐዊ መለኪያ መሆኑ ይቀራል።

የፋብሪካው ዋጋ መውረዱ ደግሞ ግምት ብቻ አይደለም። በቻይና የኤሌክትሪክ መኪና አምራቾች መካከል ለዓመታት የዘለቀ የዋጋ ፉክክር አለ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ለምሳሌ ግዙፉ አምራች ቢዋይዲ 22 ሞዴሎቹ ላይ እስከ 34 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ ማድረጉን ይፋ አድርጓል። የአዲስ አበባ ገዢ በዚያው ሰሞን ይህን የሚያውቅ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ መደብሩ ይገባል። የማያውቅ ከሆነ የተጠራለትን ዋጋ ብቻ ይሰማል።

ጎረቤቶች ምን ያደርጋሉ?

በኬንያም መኪና ርካሽ አይደለም። ከአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2023 ጀምሮ ተገጣጥመው በሚገቡ መኪኖች ላይ የሚጣለው የጉምሩክ ቀረጥ ከ25 ወደ 35 በመቶ ከፍ ብሏል። ከዚያ በላይ እንደ ሞተሩ መጠን የሚለያይ ኤክሳይስ፣ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሌሎች ክፍያዎች አሉ። ከታክሱ ክብደት አንጻር የናይሮቢ ገዢ በአዲስ አበባው የሚቀናበት ብዙ ምክንያት የለውም።

ልዩነቱ ያለው በሌላ ቦታ ነው። የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ለያንዳንዱ የመኪና ዓይነትና ሞዴል ታክስ የሚሰላበትን የወቅቱ የችርቻሮ ዋጋ ዝርዝር አዘጋጅቶ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል። ያገለገለ መኪና ከጃፓን አስመጥቶ በሞምባሳ ወደብ የሚያስገባ ሰው የመኪናውን ዓይነት ከዝርዝሩ ላይ ፈልጎ፣ በዕድሜው ልክ የሚደረገውን ቅናሽ ቀንሶ፣ ታክሱን ራሱ ማስላት ይችላል። ታንዛኒያም ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ በኢንተርኔት አስቀድሞ ማስላት የሚያስችል ሥርዓት አላት።

እነዚህ ዝርዝሮች ፍጹም አይደሉም። በኬንያ ዝርዝሩ ሲታደስ በገበያ ላይ ካለው እውነተኛ ዋጋ በላይ ተገምቷል የሚል ቅሬታ ከነጋዴዎች ይነሳል። ዋና ዓላማቸውም ገዢን መጥቀም ሳይሆን የመንግሥትን ገቢ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ሳይታሰብ የሚሰጡት አንድ ጥቅም አለ። ገዢውም ሻጩም ፊት ለፊት ሲቀመጡ ሁለቱም ያዩት አንድ የጋራ ቁጥር ይኖራል። ድርድሩ ከዚያ ይጀምራል።

አሜሪካ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ለመፍታት የሞከረችው ከስድሳ ዓመታት በፊት ነው። በአውሮፓውያኑ 1958 በሴናተር ማይክ ሞንሮኒ አነሳሽነት የወጣ ሕግ ለሽያጭ የቀረበ ማንኛውም አዲስ መኪና መስኮት ላይ አምራቹ ያወጣው የችርቻሮ ዋጋ፣ የተጨማሪ መሣሪያዎች ዋጋና የማጓጓዣ ወጪ ተዘርዝሮ እንዲለጠፍ አስገድዷል። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ አዲስ መኪና የገዛ ኢትዮጵያዊ ይህን ወረቀት ያውቀዋል። ወረቀቱ ሻጩን በዚያ ዋጋ እንዲሸጥ አያስገድደውም። ሆኖም ገዢው የተጠየቀው ከተለጠፈው በላይ ይሁን በታች እንዲያውቅ ያደርገዋል።

ብልሃት ወይስ መረጃ?

መኪና መግዛት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ስለ ተደራዳሪው ጠባይ ነው። ጓጉተህ አትታይ፣ ቶሎ አትስማማ፣ ተነስተህ ለመሄድ ዝግጁ ሁን ይባላል። ምክሩ ስሕተት አይደለም። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን የዋጋ ልዩነት ከጠባይ ውጭ ሌላ ሥር እንዳለው ነው።

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ኢያን አይረስና ፒተር ሲገልማን በአውሮፓውያኑ 1995 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። በሺካጎ አካባቢ ወደሚገኙ አዲስ መኪና ሻጮች ገዢ መሳይ ሰዎችን ልከው ከ300 በላይ ድርድሮችን መዘገቡ። የተላኩት ሰዎች አለባበሳቸው ተመሳሳይ ነበር፤ የሚናገሩትም አስቀድሞ የተጻፈ አንድ ዓይነት ቃል ነበር። የሚለያዩት በቆዳ ቀለምና በጾታ ብቻ ነው። ውጤቱ ግን አንድ አልነበረም። ለጥቁር ወንዶች የተጠራው የመጨረሻ ዋጋ ለነጭ ወንዶች ከተጠራው በአማካይ በ1,100 ዶላር ገደማ በለጠ። በአንድ ዓይነት ብልሃት የተካሄደ ድርድር የተለያየ ዋጋ ወለደ። ሻጩ የተመለከተው የገዢውን ንግግር ብቻ አልነበረም፤ ይህ ሰው ምን ያህል ያውቃል፣ ምን ያህልስ አማራጭ አለው የሚለውን ከመልኩ ለመገመት ሞክሯል።

ከስምንት ዓመታት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አሳየ። በመደበኛው መንገድ የገዙ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከሌሎች 2 በመቶ ገደማ አስበልጠው ሲከፍሉ፣ አስቀድመው በኢንተርኔት አማካይነት ዋጋ ጠይቀው የገዙት ግን ከነጮቹ የተለየ ዋጋ አልከፈሉም። እነዚህ ገዢዎች የተሻሉ ተከራካሪዎች ስለሆኑ አልነበረም። ከመደራደራቸው በፊት ዋጋ አውቀው መጡ እንጂ።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በአውሮፓውያኑ 1970 ባሳተመውና በኋላም ለኖቤል ሽልማት ባበቃው ጽሑፉ፣ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው በማያውቅበት ገበያ የሚጎዳው ገዢው ብቻ እንዳልሆነ አስረድቷል። ገዢዎች ማንንም ማመን ሲያቅታቸው ለጥሩውም ለመጥፎውም ዕቃ ዝቅተኛ ዋጋ መስጠት ይጀምራሉ፤ ጥሩ ዕቃ ያለው ሐቀኛ ሻጭም ከገበያው ይወጣል። ምሳሌ አድርጎ የወሰደው የመኪና ገበያን ነበር።

«ዜሮ ዜሮ» ሲባል

የዋጋው ነገር ቢታወቅ እንኳ ለምን እንደተከፈለ ካልታወቀ ድርድሩ ጎዶሎ ነው። በአዲስ አበባ «ዜሮ ዜሮ» የሚባለው፣ ማለትም ያልተነዳ አዲስ መኪና፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ ተመርተው ከአምራቹ ወኪል ውጭ በሆኑ ነጋዴዎች የሚመጡ ይገኙበታል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታየው የቮልስዋገን አይዲ 6 ለምሳሌ የተመረተው ለቻይና ገበያ ነው። መኪናው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የአምራቹ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው መኪናው እንዲሸጥ በታሰበበት አገር ነው። የስክሪኑ ቋንቋ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። የኃይል መሙያው ሶኬትም ቻይና የምትጠቀምበት እንጂ አውሮፓ የምትጠቀምበት ዓይነት ላይሆን ይችላል።

አምራቾች ለባትሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት የስምንት ዓመት ዋስትና ከመኪናው ዋጋ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ውዱ ክፍል ባትሪው ነውና። በወኪል በኩል ከነዋስትናው የመጣ መኪናና ያለ ዋስትና የመጣ መኪና በአንድ ዋጋ ቢጠሩ ዋጋቸው አንድ ነው ማለት አይቻልም።

በቻይና በአውሮፓውያኑ 2025 ብዙ ያነጋገረ ሌላ ልማድም አለ። አንዳንድ መኪኖች ሳይነዱ በስም ከተመዘገቡ በኋላ «ያገለገሉ» ተብለው በቅናሽ ይሸጣሉ፤ ከፊሎቹም ወደ ውጭ ይላካሉ። እንዲህ ያለ መኪና ቆጣሪው ዜሮ ቢያሳይም የዋስትናው ጊዜ ሊቆጠር የሚጀምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገበበት ቀን ነው። በቅናሽ የተገዛ መኪና በአዲስ መኪና ዋጋ ሲቀርብ ልዩነቱ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ሻንሲ ቁጥሩና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ከቆጣሪው ይልቅ የሚታመኑት ለዚህ ነው።

ቀብድ ከተከፈለ በኋላ

ድርድሩ አልቆ እጅ ከተጨባበጡ በኋላ ሕጉ ይጀምራል። የኢትዮጵያ ሕግ ስለ ፍትሐዊ ዋጋ የሚለው ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1710 አንድ ውል ለአንደኛው ወገን እጅግ የሚያደላ በመሆኑ ብቻ እንደማይፈርስ ይደነግጋል። ለማፍረስ ምክንያት የሚሆነው ፈቃዱ የተገኘው የተጎጂውን ችግር፣ የአእምሮ ድካም፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የሥራ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ ሲሆን ነው። «ጎረቤቴ በ500 ሺህ ብር ቀንሶ ገዛ» የሚል ገዢ በዚህ ብቻ ገንዘቡን አያስመልስም። ሕጉ የዋጋን ፍትሐዊነት ለተዋዋዮቹ ትቶታል፤ የተዋዋዮቹ እኩል ማወቅ ግን አልተረጋገጠም።

ቀብድም የራሱ መዘዝ አለው። በዚሁ ሕግ መሠረት ቀብድ መቀበል ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ የሰጠውን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። መኪናው ገና በባሕር ላይ ወይም በጅቡቲ ወደብ ሳለ ቀብድ የሚከፍል ገዢ ዋጋው በብር መቆረጡንና የመረከቢያው ቀን መወሰኑን በጽሑፍ ካልያዘ፣ ምንዛሬው ሲንቀሳቀስ «ጨምር» የሚል ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ የውሉ ላይ ዋጋ ከተከፈለው ዝቅ ብሎ ሲጻፍ ነው። ታክስ ለማሳነስ በሚል በ4 ሚሊዮን ብር የተሸጠ መኪና በውሉ ላይ 2 ሚሊዮን ተብሎ ቢጻፍ፣ ገዢው ሕግ መጣሱ ብቻ ሳይሆን የራሱን ዋስትናም በገዛ ፈቃዱ ያጠፋል። ነገ መኪናው ጉድለት ቢገኝበትና ውሉ ቢፈርስ፣ ፍርድ ቤት የሚያየው የተፈረመበትን ወረቀት ነው። ቀሪው 2 ሚሊዮን ብር መከፈሉን ማስረዳት ከባድ ይሆናል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴዎች የሚሸጡትን ዕቃ ዋጋ ለሸማቹ በሚታይ መልኩ እንዲያስቀምጡ ይጠይቃል። በመኪና ገበያው ግን «ዋጋ በስልክ» የሚለው ማስታወቂያ የተለመደ ነው። ስልክ የደወለ ሰው የሚሰማው ዋጋ ከእርሱ በኋላ የሚደውለው ከሚሰማው ጋር አንድ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም።

ግልጽ ዋጋ ይቻላል?

ወጪንና ትርፍን ለይቶ ማሳወቅ ለኢትዮጵያ ገበያ እንግዳ አይደለም። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ውስጥ «ሙራባሃ» የሚባለው የሽያጭ ዓይነት የቆመው በዚህ መርሕ ላይ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ለደንበኛው ሲሸጥ የገዛበትን ዋጋና የጨመረበትን ትርፍ ለይቶ መንገር አለበት። ትርፉ ብዙ ነው ያለ ደንበኛ ይከራከራል ወይም ይተወዋል፤ ስለምን እንደሚከራከር ግን ያውቃል።

ይህ በሁሉም ነጋዴ ላይ በግዴታ ይጣል ማለት ቀላል አይሆንም። የአስመጪ ወጪ ከአንዱ ጭነት ወደ ሌላው ይለያያል፤ ትርፍም የተፈጥሮ መብቱ ነው። መደብር ኪራይ፣ ሠራተኛ፣ ወራት የሚቆም ካፒታልና የምንዛሬ ሥጋት አለው። ፍትሐዊ ዋጋ ማለትም ትርፍ የሌለበት ዋጋ ማለት አይደለም። ገዢው ክፍሎቹን አይቶ፣ የነጋዴውን ድካም ገምቶ፣ አውቆ የተስማማበት ዋጋ ነው።

ከዚያ ቀለል ያለው እርምጃ በመንግሥት እጅ ነው። ጉምሩክ በየሞዴሉ የሚጠቀምበትን የዋጋ መነሻና የሚከፈለውን ቀረጥ ማንም ሰው በስልኩ ሊያየው በሚችል መልኩ ቢያወጣ፣ የማንም ነጋዴ ምስጢር ሳይነካ የድርድሩ ግማሽ ጨለማ ይገፈፋል። ለታክስ ሰብሳቢውም ይጠቅማል። የገዢው ደረሰኝና የጉምሩኩ ሰነድ ሲነጻጸሩ ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ ይከብዳልና።

መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና የተወው ታክስ በሕዝብ ስም የተተወ ገንዘብ ነው። ታስቦ የነበረው ቤተሰቦች ከነዳጅ እንዲላቀቁ፣ አገርም ለነዳጅ የምታወጣው ዶላር እንዲቀንስ ነው። ያ ገንዘብ ለታሰበለት ሰው መድረሱን የሚያሳይ መለኪያ እስካልተገኘ ድረስ ግን፣ ገዢው ማስታወቂያው ሥር ያለውን ስልክ ደውሎ አሁንም አንድ ቁጥር ብቻ ይሰማል። ከዚያም ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት ሳያውቅ «ትንሽ ቀንስልኝ» ይላል።